ጥያቄና መልስ፦ ለሞተርሆም የሚሆን የባትሪ ማገናኛ ሶሌኖይድ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ጅማ ከተማ ውስጥ እንግዶችን ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛን በማመላለስ የምንተዳደር ሰዎች ነን። ሥራችንን ለማሻሻል ብለን፣ ጉዟቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ አገር ሰዎች አንድ አሜሪካ ሠራሽ ሞተርሆም ገዛን፤ በውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውኃ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ያለው ባለ 12 ቮልት የቤንዚን መኪና ነው። አንድ ባትሪ ሞተሩን ያስነሣል፤ ሌሎች ሁለት ባትሪዎች ደግሞ የቤቱን መብራትና ዕቃ ያሠራሉ። ክሩስኮቱ ላይ የባትሪ ሥዕል ያለበት ማብሪያ አለ። የሞተሩ ባትሪ በደከመ ጊዜ ይህን ማብሪያ ተጭነን ስናስነሣ፣ የቤቱ ባትሪዎች እየረዱት ይነሣ ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን ማብሪያው ሲጫን «ጠቅ» የሚል ድምፅ እየተሰማ ሞተሪኖው አልዞር አለ። መካኒካችን ባትሪዎቹን የሚያገናኘው ሶሌኖይድ መበላሸቱን ነግሮን፣ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ በመልክም በመጠንም አሮጌውን የሚመስል አዲስ አምጥቶ ገጠመልን። በመጀመሪያው ቀን በደንብ ሠራ። በማግሥቱ እንግዶች ጭነን ወደ ቦንጋ ስንወርድ ግን፣ ሸቤን አልፈን ጎጀብ ሳንደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተን፤ ቆመን ብናይ አዲሱ ሶሌኖይድ ጠቁሮ ፕላስቲኩ ቀልጧል።

አሁን ሦስት ምርጫ ቀርቦልናል። አንደኛው እንደ ተቃጠለው ያለ ርካሽ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ከአይሱዙ የጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ሶሌኖይድ ሲሆን፣ ሦስተኛው ከአዲስ አበባ የሚታዘዝና ዋጋው ከፍ ያለ «ኮንቲኑየስ ዲዩቲ» የተባለ ነው። አንድ ወዳጃችን ደግሞ ሶሌኖይዱን ትተን ባትሪዎቹን በወፍራም ገመድ ቀጥታ እንድናገናኝ መክሮናል። የትኛው ይሻላል?

ከጅማ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ችግሩን በዝርዝር ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የረዳኝ ሽታው መቼ እንደመጣ መግለጽዎ ነው። ማብሪያውን ማንም ሳይጫነው፣ ሞተሩ እየሠራና መኪናው እየተጓዘ ሳለ ሶሌኖይዱ ከተቃጠለ፣ ከጅማ ከተነሣችሁበት ጊዜ ጀምሮ በውስጡ ያለው ኮይል (የሽቦ ጥቅሉ) ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ቆይቷል ማለት ነው። ይህም የእርስዎ ሶሌኖይድ ሁለት ሥራ እንዳለው ያሳያል። አንደኛው እርስዎ የሚያውቁት ነው፤ ማብሪያው ሲጫን የቤቱን ባትሪዎች ለአፍታ ከሞተሩ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ሞተሪኖውን ይረዳል። ሁለተኛው ከክሩስኮቱ ላይ የማይታየው ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ያው ሶሌኖይድ ተዘግቶ፣ ማለትም ሁለቱን ወገን አገናኝቶ ይቆይና ዲናሞው የቤቱን ባትሪዎችም እንዲሞላ መንገድ ይሆናል። ሞተሩ ሲጠፋ ይከፈታል፣ ማለትም ያለያያቸዋል፤ በዚህም ሌሊት ማቀዝቀዣው የሚበላው ኃይል የማስነሻውን ባትሪ ሳይነካ ያድራል።

ሁሉም ሞተርሆም እንዲህ የተሠራ አይደለም። በአንዳንዱ ላይ ባትሪ የመሙላቱን ሥራ በዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) የሚሠራ መለያ ወስዶት፣ ሶሌኖይዱ ማብሪያው ሲጫን ብቻ ለጥቂት ሰኮንዶች ይሠራል። በእንዲህ ያለው መኪና ላይ ቢሆን ኖሮ መካኒካችሁ የገዛው ዕቃ ዓመታት ሊያገለግል ይችል ነበር። ስለዚህ መካኒኩ የመረጠው ዕቃ መጥፎ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ የተሠራበት ሥራና የተሰጠው ሥራ አልተገናኙም። አዲስ ሶሌኖይድ ሊገዛ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ኮይሉ በአንድ ጊዜ ለምን ያህል ሰዓት ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የሶሌኖይዱን ውስጥ እንመልከት። በብረት ቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ማለትም ኮይሉ አለ። ወደ ኮይሉ በትንሹ ብሎን በኩል ኤሌክትሪክ ሲገባ ማግኔት ይሆንና መሐሉ ላይ ያለውን የብረት ዘንግ ይስበዋል፤ ዘንጉ ጫፉ ላይ የመዳብ ሰሃን ስላለው፣ ሰሃኑ ሁለቱን ወፍራም ብሎኖች ከውስጥ ነክቶ ያገናኛቸዋል። እርስዎ የሚሰሙት «ጠቅ» የሚለው ድምፅ የዚህ ዘንግ ድምፅ ነው። ድምፁ መሰማቱ ኮይሉ ደኅና መሆኑን ብቻ ይነግረናል፤ ሰሃኑና የብሎኖቹ ፊት ከተቃጠሉ ግን ድምፁ እየተሰማ ኤሌክትሪክ ላያልፍ ይችላል። የመጀመሪያው ሶሌኖይዳችሁ የሞተው በዚህ መንገድ ይመስላል። ሁለተኛው የሞተው ግን ኮይሉ ተቃጥሎ ነው። ሁለቱ ሞት የተለያየ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሁለተኛውን ያመጣው የምርጫ ስሕተት ነው።

የኮይሉ ልዩነት በቴስተር በቀላሉ ይለካል። ቴስተሩን ወደ ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) አዙረው የኮይሉን ሁለት ጫፍ ቢለኩ፣ እንደ ፎርድ መኪና ሞተሪኖ ማስነሻ ያለውና ለአፍታ ሥራ የተሠራው ሶሌኖይድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ኦም ያሳያል፤ ለማያቋርጥ ሥራ የተሠራው፣ ማለትም «ኮንቲኑየስ ዲዩቲ» የሚባለው ባለ 12 ቮልት ግን ከ12 እስከ 16 ኦም አካባቢ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከዲናሞው የሚመጣው ኃይል ወደ 14 ቮልት ይጠጋል። 14 ቮልት በ4 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 3.5 አምፔር ይሆናል፤ ይህም 49 ዋት ሙቀት ነው። ያው 14 ቮልት በ15 ኦም ውስጥ ሲያልፍ ግን ከ1 አምፔር ያነሰ ሆኖ ሙቀቱ 13 ዋት ያህል ብቻ ይሆናል። 49 ዋት ማለት ስታኞ የሚያቀልጥ የኤሌክትሪክ መበየጃ የሚወስደው ኃይል ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ሙቀት በጡጫ መጠን ባለ ዝግ ቤት ውስጥ አስቀምጦ፣ በሞተር ክፍል ሙቀት ላይ ተጨምሮ ለሰዓታት ቢተዉት የሽቦው ቫርኒሽ ተቃጥሎ ጥቅልሉ እርስ በርሱ ይገናኛል። ጎጀብ ሳትደርሱ የሸተታችሁ ይኸው ቫርኒሽ ነው።

ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ዓይነቶች መንትያ ይመስላሉ። ቁመታቸው፣ የብሎኖቻቸው አቀማመጥ፣ መሠረታቸው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሳይቀሩ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሻጭ «ይኸውና፣ አንድ ዓይነት ነው» ቢልዎ ሊያታልልዎ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ እርሱም የሚያየው መልኩን ነው። ሱቅ ሲሄዱ ቴስተር ይዘው ይሂዱ፤ ከመክፈልዎ በፊት ኮይሉን ይለኩ። ማሸጊያው ላይ «ኮንቲኑየስ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር እንኳ 4 ኦም ያነበበ ዕቃ ለእርስዎ መኪና አይሆንም። ይህ ልኬት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚህ አምድ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ።

ቀጥሎ የሚመጣው አምፔር ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ለአፍታ የሚሠሩት ሶሌኖይዶች ብዙ መቶ አምፔር እንደሚያሳልፉ ተጽፎባቸው ስለሚሸጡና ቁጥሩ ለማያቋርጥ ሥራ ከተሠሩት ስለሚበልጥ ነው። ያ ቁጥር ግን ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ የሚቆጠር ነው። የቤንዚን ሞተር ሞተሪኖ ሲዞር ከ150 እስከ 250 አምፔር ያህል ይስባል፤ የናፍጣው ከዚያ ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ይህ ሸክም ለአጭር ጊዜ ነው፤ ሁለቱ የባትሪ ወገኖችም ይካፈሉታል። ሶሌኖይዱን የሚያደክመው ረጅሙ ሥራ ነው። የቤቱ ሁለት ባትሪዎች ሌሊቱን ተራቁተው ካደሩ፣ ጠዋት ሞተሩ እንደተነሣ ዲናሞው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ50 እስከ 100 አምፔር ሊልክባቸው ይችላል። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የማያቋርጥ ሥራ ሶሌኖይዶች ባለ 80 ወይም ባለ 85 አምፔርና ባለ 200 አምፔር ናቸው። ለአንድ ትንሽ የቤት ባትሪ ባለ 85ቱ ይበቃል፤ ሁለት ባትሪ ላለው ለእርስዎ መኪና ግን ባለ 200ውን እመክራለሁ። ኮል ሄርሲ፣ ዋይት ሮጀርስና ትሮምቤታ የተባሉት ሠሪዎች ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ዕቃዎችን ያመርታሉ፤ ለምሳሌ የዋይት ሮጀርስ 586 ተከታታይ በባለ 200 አምፔር መደብ ይታወቃል። በነዚህ ላይ የሚገናኙት ፊቶች በብዛት ብር የተቀላቀለባቸው ስለሆኑ ከባዶ መዳብ ይልቅ ቃጠሎን ይቋቋማሉ።

ከአይሱዙ የወጣውን ሶሌኖይድ በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አይግዙት። ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ጭነው የሚመጡት የአይሱዙ የጭነት መኪኖች በአብዛኛው ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ የእርስዎ መኪና ደግሞ ባለ 12 ነው። ለ24 ቮልት የተጠቀለለ ኮይል 12 ቮልት ሲደርሰው ወይ ፈጽሞ አይስብም፣ ወይም በደካማ ጉልበት ይስባል። በደካማ ጉልበት መሳቡ ደግሞ ካለመሳቡ ይብሳል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ስለሚወርድ ሰሃኑ እየነካ እየለቀቀ ይንቀጠቀጣል፣ በየንቅጥቃጤው ብልጭታ ይፈጠራል፣ በመጨረሻም ፊቶቹ እንደ ብየዳ ተጣብቀው ይቀራሉ። የተጣበቀ ሶሌኖይድ አይለቅም። ባትሪዎቹ ሌት ተቀን እንደተገናኙ ይቆያሉ፤ እርስዎም ይህን የሚያውቁት አንድ ጠዋት ሁሉም ባትሪዎች በአንድነት ሞተው ሲያገኟቸው ነው።

የወዳጅዎ ምክርም መጨረሻው እዚሁ ነው። ባትሪዎቹን በገመድ ቀጥታ ማገናኘት ማለት የተጣበቀ ሶሌኖይድ በገዛ እጅ መሥራት ማለት ነው። ቦንጋ ጫካ ዳር አድራችሁ፣ ማቀዝቀዣውና መብራቱ ሦስቱንም ባትሪ አራቁተው፣ ጠዋት ከእንግዶች ጋር መኪና በግፊ ለማስነሣት መሞከር ምን እንደሚመስል እርስዎ ከእኔ የበለጠ ሊገምቱት ይችላሉ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ግፊውም አይሠራም። ወዳጅዎ በቅንነት እንደመከሩ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ይህን መንገድ ለአንድ ቀን እንኳ አይሞክሩት።

ምርጫዎ እንግዲህ ሦስተኛው ነው። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ከማዘዝዎ በፊት ሊያጣሯቸው የሚገቡ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ዕቃ ሳይገጥም ሲቀር መመለሱ ራሱን የቻለ ድካም ነውና።

በመጀመሪያ አሮጌው ሶሌኖይድ ስንት ትናንሽ ብሎን እንዳለው ይቁጠሩ። አንድ ትንሽ ብሎን ብቻ ካለው የኮይሉ ሁለተኛ ጫፍ ከሶሌኖይዱ ቤት ጋር ተያይዟል ማለት ነው፤ ግራውንድ የሚያገኘውም ከተገጠመበት ብረት ነው። ሁለት ትናንሽ ብሎን ያለው ደግሞ በብዛት የኮይሉ ሁለቱም ጫፎች ለየብቻ የወጡለት ነው። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ወጥመድ አለ። የፎርድ ዓይነቱ የሞተሪኖ ሶሌኖይድም ሁለት ትናንሽ ብሎን ያለው ይገኛል፤ አንዱ «ኤስ» ሌላው «አይ» በሚሉ የላቲን ፊደላት ምልክት ይደረግባቸዋል። ሁለተኛው ብሎን ግን የኮይል ጫፍ አይደለም፤ ሶሌኖይዱ ሲዘጋ ከውስጠኛው የመዳብ ሰሃን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚሰጥ ነው። ይህን ብሎን እንደ ግራውንድ ቆጥሮ ከመኪናው ብረት ጋር ያገናኘ ሰው፣ ሶሌኖይዱ በተዘጋ ቅጽበት ባትሪውን በቀጥታ ከግራውንድ ጋር አጋጭቷል፤ ቀጭኗ ሽቦም ወዲያው ቀልታ ትቃጠላለች። ይህን ለማወቅም ቴስተሩ ይበቃል፤ በሁለቱ ትናንሽ ብሎኖች መካከል የኮይሉን ኦም ካላነበበ፣ አንዱ የኮይል ብሎን አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ኮይሉን የሚያዝዘው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። በቀላሉ መኪና ላይ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ ሽቦ ነው። በሌሎች ሞተርሆሞች ላይ ግን የባትሪውን ቮልት እያየ፣ ከ13 ቮልት በላይ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ሶሌኖይዱን የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አለ። አንዳንዱ ሳጥን ሶሌኖይዱን በሙሉ ቮልት ከሳበው በኋላ እንዳይሞቅ ብሎ ኃይሉን ይቀንስለታል። ሞተሩ እየሠራ በትንሹ ብሎን ላይ ከ12 ቮልት በጣም ያነሰ ቢያነቡ ብልሽት ነው ብለው አይቸኩሉ፤ እንዲህ ያለ ሳጥን ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ከአሮጌው ዋናው ሶሌኖይድ ኮይል ጋር የተቀራረበ ኦም ያለው ዕቃ ይፈልጉ። አሮጌውን እንዳልጣሉት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ፊቶቹ ቢቃጠሉም ኮይሉ ደኅና ስለሆነ ሊለካ ይችላል።

ሦስተኛው ትንሽ የሚመስል፣ ሆኖም እጅን የሚያስር ጉዳይ የብሎኖቹ ጥርስ ነው። በአሜሪካ ሠራሽ ሶሌኖይዶች ላይ ወፍራሞቹ ብሎኖች በብዛት በኢንች የሚለኩ፣ 5/16 ኢንች የሆኑ ናቸው። ውፍረታቸው 7.9 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የእኛ ባለ 8 ዳዶ የሚገባ ይመስላል፤ ጥርሱ ግን ስለማይገጥም ግማሽ ዙር ሄዶ ይነክሳል፣ በመፍቻ ቢገፉት ብሎኑን ይልጠዋል። ስለዚህ አሮጌዎቹን ዳዶዎችና ሮንዴላዎች አንድም ሳይጥሉ ይያዙ።

አሁን ወደ መግጠሙ ልምጣ። ሁለቱም ወፍራም ብሎኖች ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለባቸው፤ አንዱ ከሞተሩ፣ ሌላው ከቤቱ ባትሪ። የአንዱን ባትሪ ገመድ ብቻ ፈትቶ ሥራ መጀመር ብዙዎችን አቃጥሏል። የሁሉንም ባትሪዎች ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ካለ ከባትሪው በፊት እርሱን ያላቅቁ፤ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። ዳዶውን ሲያጠብቁ በአንድ መፍቻ የውስጠኛውን ዳዶ ይዘው በሌላው የላይኛውን ያዙሩ፤ ብሎኑ አብሮ ከዞረ ከውስጥ ያለው ፊቱ ተጠምዝዞ ሰሃኑ በአንድ ጎን ብቻ ይነካዋል፤ እንዲህ የሆነ አዲስ ሶሌኖይድ በጥቂት ወራት ይቃጠላል። ኮይሉ ዳዮድ ያለበት ከሆነ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ምልክት ስለሚኖራቸው አያቀያይሩ። ወፍራሙን ገመድ መቀየር ካስፈለገ ከ50 ካሬ ሚሊሜትር የቀጠነ አይጠቀሙ፤ ካፖኮርዳውም (የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት ብረት) በትክክለኛ መጭመቂያ የተጨመቀ ይሁን፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ አይበቃም።

የማብሪያውን ሽቦ በሚመለከት ለኤሌክትሪሺያንዎ ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። ማብሪያው ኃይል የሚያገኘው ከየትኛው ባትሪ ነው? ከሞተሩ ባትሪ ከሆነ፣ ያ ባትሪ ፈጽሞ በሞተ ቀን ኮይሉን የሚስብ ጉልበት ስለማይኖር እርዳታው በሚያስፈልግበት ሰዓት አይሠራም፤ በትንሽ ፊውዝ በኩል ከቤቱ ባትሪ እንዲያገኝ ማድረግ ይሻላል። እንዲሁም ከቁልፍ የሚመጣው ሽቦና ከማብሪያው የሚመጣው ሽቦ በአንድ ትንሽ ብሎን ላይ ዝም ብለው መታሰር የለባቸውም፤ ማብሪያው ሲጫን ኃይሉ ወደ ኋላ ሄዶ የቁልፉን መሥመር ያነሣዋል። በዳዮድ ወይም በሪሌ ይለያዩ።

ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው በሁለቱ ወፍራም ብሎኖች መካከል ቮልት ይለኩ። የቤቱ ባትሪዎች እየተሞሉ ሳለ ልዩነቱ ከ0.2 ቮልት ካልበለጠ ሥራው ተከናውኗል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱን ወገን ለየብቻ ይለኩ፤ ጥቂት ቆይተው፣ የቤቱን መብራት አብርተው ሲለኩ የተለያየ ቮልት ማሳየት አለባቸው። ወርዶ ወርዶ ሁለቱም እኩል ከሆነ ሶሌኖይዱ አልተከፈተም።

ስለ ጅማ አየር አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ዝናቡ ረጅም ነው፤ እርጥበቱም ከሰኔ እስከ መስከረም ከሞተር ክፍል አይወጣም። አንድ ትንሽ ብሎን ባለው ሶሌኖይድ ላይ የግራውንዱ መንገድ መሠረቱ የተቀመጠበት ብረት ስለሆነ፣ ከሥሩ ዝገት ሲገባ ኮይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ «ሶሌኖይዱ ሞቷል» ተብሎ የተጣለው ዕቃ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቢመለስ የሚሠራ ነው። ብሎኖቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ሲያዩ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ ካጠበቁ በኋላም ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ።

ጥያቄ

የእኔም መኪና እንደ ሞተርሆም የተሠራ ሚኒባስ ነው። አዲስ የማያቋርጥ ሥራ ሶሌኖይድ ካስገጠምሁ ጀምሮ፣ ረጅም መንገድ ሄጄ ስነካው እጅ አያስይዝም። ይህም ሊቃጠል ነው ወይ?

ከአጋሮ

መልስ

ሊቃጠል ነው ለማለት ሙቀቱ ብቻ አይበቃም። ከላይ እንዳየነው ደኅናው ኮይል እንኳ 13 ዋት ያህል ሙቀት ያለማቋረጥ ስለሚያወጣ፣ ከሰዓታት ጉዞ በኋላ እጅ የማያስይዝ መሆኑ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ሙቀቱ የት እንዳለ ነው። የሶሌኖይዱ ቤት ሞቆ ወፍራሞቹ ብሎኖች ከእርሱ የቀዘቀዙ ከሆኑ የኮይሉ ሙቀት ስለሆነ ይተዉት። አንደኛው ብሎን ከቤቱ ይበልጥ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ዳዶው ላልቷል ወይም ካፖኮርዳው በደንብ አልተጨመቀም፤ ባትሪዎቹን ፈትተው ያን ቦታ ያጽዱና እንደገና ያጥብቁ። ሽታ ካለ፣ ወይም ፕላስቲኩ ቀለሙን ከቀየረ አይጠብቁ፤ ኮይሉን ይለኩ።

ጥያቄ

የቤቱን ባትሪዎች ወደ ሊቲየም ልለውጥ አስቤያለሁ። ያው ባለ 200 አምፔር ሶሌኖይድ ይበቃኛል?

ከጅማ፣ አጂፕ ሠፈር

መልስ

ሶሌኖይዱ ይችለዋል፤ ዲናሞዎ ግን ላይችለው ይችላል። ሊቲየም ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው በጣም ትንሽ ስለሆነ የሚሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፤ የእርሳስ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ አሳሳቡን የሚቀንሰውን ያህል እርሱ እስኪጠግብ ድረስ አይቀንስም። ዲናሞው በሙሉ ኃይሉ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ስላልታሰበ፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞርና ነፋስ ሲያጣ፣ ጥቅልሉ ሊቃጠል ይችላል። በተጨማሪም የሞላ ሊቲየም ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ 13.3 ቮልት አካባቢ ሲያሳይ የሞላ የእርሳስ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ነው፤ ሁለቱ በሶሌኖይድ ሲገናኙ ሊቲየሙ ያለማቋረጥ ወደ እርሳሱ ያፈሳል።

ስለዚህ ከሞተር ወደ ቤት የሚደረገውን መሙላት ከሶሌኖይዱ ላይ አንሥተው፣ የሚያልፈውን አምፔር በሚወስን ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ያድርጉት። ሶሌኖይዱን ለማስነሻ እርዳታ ብቻ ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ እንዲህ ሲሆን ለአፍታ ሥራ የተሠራው ርካሹ ዓይነት ይበቃዎታል። ከመግዛትዎ በፊት ግን የሊቲየሙ መቆጣጠሪያ ስንት አምፔር ለስንት ሰኮንድ እንደሚያወጣ መመሪያው ላይ ያንብቡ። ብዙዎቹ ባለ 100 አምፔር ስለሆኑ፣ ሞተሪኖው 200 ሲጠይቃቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ የቤቱም መብራት አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ባትሪ ከሆነ ማብሪያውን ተጭነው ወዲያው ቁልፍ አያዙሩ፤ ሊቲየሙ ለጥቂት ደቂቃዎች የሞተሩን ባትሪ እንዲሞላው ይጠብቁ፣ ከዚያም ማብሪያውን ለቀው ያስነሡ። ለደቂቃዎች የሚጫኑት ከሆነ ግን ሶሌኖይዱ እንደገና ለማያቋርጥ ሥራ የተሠራው፣ 15 ኦም አካባቢ የሚያነበው ይሁን።